በባላባት ቤት የገበሬ ምሳ

ጃቫ ደሴት ላይ በጥንት ቤት ውስጥ ምሳ ሊበላ ያሰበ ሰው አስቀድሞ ጉልበቱን ያማክር። ኪሱን ማማከር ብዙም አያስፈልገውም፤ እዚያ አገር ሩዝና አትክልት ሰው አያስለቅስም። ጉልበት ግን ሌላ ነገር ነው። ጫማ ደጅ ይወልቃል። ከግቢው ከፍ ባለው ወለል ላይ ምንጣፍ ተነጥፏል፤ ምንጣፉ ላይ አጭር ጠረጴዛ ተቀምጣለች፤ በጠረጴዛዋ ዙሪያ እግርን አጣጥፎ መቀመጥ ነው። ይህን አቀማመጥ ለሰሃን ይሉታል። የአገሩ ሰዎች፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሽማግሌዎች ሳይቀሩ፣ እንዲህ ተቀምጠው ሁለትና ሦስት ሰዓት ሲጨዋወቱ ፊታቸው ላይ ምንም ነገር አይታይም። የእኔ ግራ እግር ገና ሩዙ ሳይቀርብ ከእኔ ጋር ያለውን ዝምድና ያቋርጣል። እንዳልዘረጋው፣ የእግርን መዳፍ ወደ ሰው ማዞር ነውር ነው። ጆግሎ ስለሚባለው ስለዚህ የጥንት ቤት የማውቀውን ሁሉ የተማርኩት እንግዲህ የደነዘዘ እግሬን በእጄ እያነሳሁ አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ እያዘዋወርኩ ነው።

ያስተማሩኝ ዮግያካርታ ለሥራ በከረምኩበት ጊዜ የቢሮ ባልደረባዬ የነበሩ፣ ጡረታ የደረሰባቸው ሰው ናቸው። እኔ በአገሩ ደንብ «ፓክ» እላቸዋለሁ፤ እሳቸው «ማስ» ይሉኛል። ምሳ ሲጋብዙ ከምግቡ በፊት ጣሪያውን ነው የሚያስጎበኙት። «ቀና ብለህ እይ እንጂ፣ ማስ!» ይሉኛል፤ ቀና እላለሁ። ጣሪያው ከመሀል ተራራ አክሎ ይወጣና ወደ ዳር ሲመጣ ቀስ እያለ ይዘረጋል፤ ዳሩ ዝቅ ከማለቱ የተነሳ ረዘም ያለ ሰው ሲገባ ወዶም ሆነ ሳይወድ እጅ ይነሳል። መሀል ላይ ሳካ ጉሩ የሚባሉ አራት ምሰሶዎች፣ እያንዳንዳቸው በድንጋይ መቀመጫ ላይ ቆመዋል። ራሳቸው ላይ ቱምፓንግ ሳሪ የተባለውን ድርብርብ አግዳሚ ተሸክመዋል፤ እርከን እየሠራ ወደ ላይ የሚወጣ፣ አበባና ሐረግ የተቀረጸበት የቲክ እንጨት ነው። ሚስማር የሚባል ነገር የለበትም፤ አንዱ እንጨት በሌላው ጉድጓድ ውስጥ እየተሰካ ነው ቤቱ የቆመው። ይህችን የሚስማር ነገር አንባቢ ይያዝልኝ፤ ኋላ ትፈለጋለች።

ድሮ ይህን ቤት ማንም ብድግ ብሎ አይሠራውም ነበር። ጆግሎ የባላባትና የባለጸጋ ነው፤ ገበሬው ከዚህ ያነሰ ጣሪያ ሥር ያድራል። ቤቱ ውስጥም ቢሆን ሰው እንደ ማዕረጉ ነው የሚገባው። ከፊት ፔንዶፖ አለ፤ ግድግዳ የሌለው አዳራሽ ነው። ለእንግዳም፣ ለባለ ጉዳይም፣ ለጭፈራም የተከፈተ ነው። ከእሱ ቀጥሎ ፕሪንጊታን የምትባለው መሸጋገሪያ ትመጣለች፤ የጥላ አሻንጉሊቱ ትርዒት፣ ዋያንግ፣ የሚታየው እዚያ ነው። ከዚያ ወዲያ ዳለም ነው፤ እልፍኝ። እልፍኝ ደግሞ የቤተሰብ ነው። ከእልፍኙ ጀርባ በተርታ ሦስት ክፍሎች አሉ። የመሀለኛዋ የዴዊ ስሪ ናት፤ የሩዝ እመቤት የምትባለው እንስት አምላክ። አልጋ ይነጠፍባታል፣ ትራስ ይደረደርባታል፣ ግን ማንም አይተኛባትም። ሙሽሮች ብቻ በሠርጋቸው ቀን ፊት ለፊቷ ይቀመጣሉ። የእኛም ሰው በትልቅ ቤት ግብር ላይ የት ቦታ እንደሚቀመጥ ራሱ ያውቅ ስለነበር ነገሩ አልከበደኝም፤ እልፍኝ አስከልካዩን አልፎ መግባት ቀላል አልነበረም።

ዛሬ ጆግሎው ምግብ ቤት ሲሆን እልፍኝ አስከልካዩ ታብሌት የያዘች ልጅ ናት። «ስንት ናችሁ?» ብላ ትጠይቃለች፤ ሁለት ነን ስትላት የባላባቱ ቅድመ አያት እንኳ ጠባቂ ሳያስከትል የማይገባበት ቦታ ወስዳ ታስቀምጥሃለች። ገበሬውም፣ ሾፌሩም፣ ካልሲው የተቀደደ የውጭ አገር ተማሪም በአንድ ሳህን ሩዝ ዋጋ እልፍኝ ይገባል። በአንደኛው ምግብ ቤት ያቺን የሩዝ እመቤት ክፍል ሒሳብ መቀበያ አድርገዋታል። ትራሱ በነበረበት ቦታ የገንዘብ መሳቢያ፣ የካርድ ማሽንና ከረሜላ የተሞላ ብርጭቆ ተቀምጧል። ለጋባዤ ያሳዝናቸው ይሆናል ብዬ ቀስ ብዬ አሳየኋቸው። ፓክ ግን ቆም ብለው አዩና፣ «የምንከፍለው የሩዝ ገንዘብ አይደል? ሌላ የት ይቀመጥ ኖሯል!» አሉ።

ከማዕረጉ የተረፈ አንድ ነገር ቢኖር የአስተናጋጆቹ አካሄድ ነው። ባለ መስመር የጥጥ ሸሚዝ፣ ሉሪክ፣ የለበሰች ልጅ ስምንት ብርጭቆ ሻይ የጫነ ትሪ ይዛ ትመጣለች። መሬት በተቀመጡ ሰዎች ፊት ማለፍ አለባት። ቀጥ ብላ አታልፍም፤ ወገቧን ሰበር ታደርጋለች፣ ትሪውን ወደ ግራ እጇ ታዛውራለች፣ ቀኝ እጇን ወደ መሬት ዘርጋ አድርጋ አየሩን እንደመክፈል እያለች «ኑዉን ሴዉ» ብላ ይቅርታ ትጠይቃለች። ብርጭቆዎቹ ይንቀጫቀጫሉ፤ እኔ ትንፋሼን እይዛለሁ፤ ሻዩ አይፈስም። እኛ ዘንድ ሰው ሲመጣ የተቀመጠው ነው ብድግ ብሎ «ኖር!» የሚለው፤ እነሱ ዘንድ የቆመው ነው የሚያጎነብሰው። አንድ ቀን በለመድኩት ደንብ ብድግ ልል ስሞክር የደነዘዘው እግሬ ስላልታዘዘኝ ክብሩ መሀል መንገድ ላይ ቀረ፤ ልጅቷም የበለጠ ጎነበሰች። መጸዳጃ ቤቱ የት እንደሆነ ስትጠይቃትም በጠቋሚ ጣት አታመለክትህም። አራቱን ጣቶች አጥፋ በአውራ ጣቷ፣ በቀኝ እጅ ብቻ፣ ትንሽ ዘንበል ብላ ታሳይሃለች። መጸዳጃ ቤት በዚህ ዓይነት ክብር ሲታይ ያየሁት እዚያ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ምግቡ። የዮግያካርታ ሰው ስለ ከተማው ሲጠየቅ መጀመሪያ የሚጠራው ጉደግን ነው። ጃክፍሩት የሚባለው ፍሬ ሳይበስል ተከትፎ በኮኮናት ወተት፣ በዘንባባ ስኳርና በቅመም ለብዙ ሰዓት፣ ብዙ ጊዜም ሌሊቱን ሙሉ፣ በዝግታ እሳት ይቀቀላል። የቲክ ቅጠል ስለሚጨመርበት ቀይ ዳማ መልክ ያወጣል። ሲታይ በደንብ የተቁላላ ቀይ ወጥ ነው፤ ምራቅ ያስውጣል። የእኛ አገር ልጅ ዓይኑን አምኖ አንድ ትልቅ ጉርሻ ይወስድና አፉ ውስጥ ጣፋጭ ይሆንበታል። ጣፈጥ ያለ ማለቴ አይደለም፤ ስኳር! ወጥ ውስጥ ስኳር! አያቴ ብትሰማ ለቅሶ ትቀመጥ ነበር። የከተማው ሰው ለምን ጣፋጭ እንደሚወድ ሲጠየቅ ብዙዎች የስኳር ፋብሪካዎቹን ዘመን ያነሳሉ፤ እውነትም ጃቫ በ1920ዎቹ መጨረሻ ከኩባ ቀጥላ የዓለም ሁለተኛዋ ትልቅ ስኳር ላኪ ነበረች። ጉደጉ የሚፈልገው ግን የዘንባባውን ስኳር እንጂ የፋብሪካውን አይደለምና ይህ ማብራሪያ ለእኔ አልተዋጠልኝም። የተዋጠልኝ ከጎኑ የሚቀርበው ክሬቸክ ነው። የከብት ቆዳ ደርቆ፣ ከዚያ በኮኮናት ወተትና በሚጥሚጣ ቢጤ በርበሬ የሚወጠወጥ ነገር ነው፤ ያቃጥላል። አንድ ጊዜ ከጉደጉ፣ አንድ ጊዜ ከክሬቸኩ ሲሆን ነገሩ ይታረቃል። ከዚያ በኋላ ሳላስበው ሁለተኛ ሳህን ማዘዜን አልደብቅም።

ይሁን እንጂ እውነተኛው የባላባት ምግብ ጉደግ አይደለም። ዮግያካርታ ዛሬም ሱልጣን ያላት ከተማ ናት፤ ሱልጣኑ የግዛቷም ገዥ ናቸው። በቤተ መንግሥቱ ግቢ ውስጥ ባሌ ራኦስ የሚባል ምግብ ቤት አለ፤ የሱልጣኖቹ ገበታ የነበረውን ምግብ ነው የሚያቀርበው። ሄደህ የምግብ ዝርዝሩን ስትገልጥ ከጃቫው ጋር ጎን ለጎን የቅኝ ገዥዎቹ የሆላንዶች ሽታ ያለው ይመጣብሃል፤ ቢስቲክ የሚባለው ጥብስ ከነድንቹና ከነካሮቱ። ጎረቤት ከተማዋ ሶሎም ሰላት የምትለው የዚሁ ዘመድ አላት። የጃቫ ቢራ የሚባል መጠጥም ይቀርባል፤ ዝንጅብልና ሰቻንግ የሚባል ቀይ እንጨት ከሌላ ቅመም ጋር ተፈልቶ፣ ሎሚ ተጨምቆበት፣ አረፋ እስኪያወጣ የሚናጥ፣ አልኮል የሌለው። ሱልጣኑ ከሆላንዶች ጋር ብርጭቆ ሲያነሱ እንዳያንሱ የተፈጠረ ነው እያሉ ይተርካሉ። ባላባት እንግዲህ በራሱ ቤት የባዕድ ምግብ ይበላ ነበር።

በጆግሎው ሥር ዛሬ ሕዝብ የሚሰለፍለት ግን የገበሬው ምሳ ነው። ከዮግያካርታ በስተሰሜን፣ ወደ መራፒ እሳተ ገሞራ በሚወስደው የካሊዩራንግ መንገድ፣ ኮፒ ክሎቶክ የሚባል ቤት አለ። ከፊቱ የሩዝ ማሳ ተዘርግቷል፤ ሰማዩ ከጠራ መራፒ ከነጭሱ ይታያል። የሚበላው ሩዝ፣ በኮኮናት ወተት የተሠራ ሎደህ የሚባል የአትክልት ወጥ፣ ቴምፔ የሚባል የአኩሪ አተር ጥብስ፣ ዳር ዳሩ እስኪንኮሻኮሽ የተጠበሰ እንቁላልና የሙዝ ጥብስ ነው። ይኸው ነው። ሰው ሳህኑን ይዞ ጓዳ ይገባና ራሱ ጨልፎ ይወጣል። ለዚህ ጉዳይ ከጃካርታ ሳይቀር በመኪና የሚመጡ አሉ፤ በበዓል ሰሞን ሰልፉ ግቢውን ዞሮ ይወጣል። ፀሐይ ላይ የሚሰለፉት ሰዎች መኪና ግን ከእኛ ቢሮ ኃላፊ መኪና ይበልጣል።

ፓክ አንድ ጊዜ እናታቸውን እንዲህ ወዳለ ቤት ምሳ ጋብዘዋቸው ነበር። እናታቸው የሰማንያ ዓመት አዛውንት ናቸው፤ መንደር ውስጥ ዕድሜያቸውን ሙሉ በእንጨት ሲያበስሉ የኖሩ። ልጆቻቸው ተምረው ሥራ ሲይዙ መጀመሪያ የገዙላቸው የጋዝ ምድጃ ነበር። ምግብ ቤቱ ጓዳ ሲገቡ የጭቃ ምድጃ፣ የጠቆረ ድስት፣ ጭስ የጠገበ ግድግዳ አዩ፤ ከፊቱ ወጣቶች ተሰብስበው ፎቶ ይነሳሉ። አዛውንቷ አዘኑ። ወደ ልጃቸው ጠጋ ብለው፣ «አንተ፣ እነዚህ ሰዎች ልጅ የላቸውም እንዴ?» አሉ። ሎደሁን ቀመሱ፤ ጨው አነሰው አሉ። ሒሳቡን ሲያዩ ደግሞ ለጓዳዋ ሴትዮ የጋዝ መግዣ መዋጮ ነው የመሰላቸው። በዓመቱ ልጆቻቸው የት እንጋብዝዎ ሲሏቸው የገበያ አዳራሹን መረጡ፤ ቀዝቃዛ አየር ያለበትን፣ የአሜሪካን የዶሮ ጥብስ የሚሸጥበትን።

አዲስ አበባ ላይ በባህል ምግብ ቤት በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ አባቱ በስንት መከራ የተገላገለውን የጎጆ ጣሪያ እያደነቀ ክትፎውን የሚበላ ሰው በአዛውንቷ ሊስቅ አይገባውም። እኔም አልሳቅሁም። እውነቱን ለመናገር ግን ሎደሁ ጨው አላነሰውም ነበር።

ማታ ማታ ደግሞ ዘፈን አለ። ድሮ ፔንዶፖው ላይ ጋመላን የሚባለው የአገሩ ሙዚቃ ነበር የሚመታው፤ ያም አልጠፋም፣ ግን ብዙውን ጊዜ የምታገኘው ሁለት ጊታርና አንድ ከበሮ የያዙ ልጆችን ነው። የሚዘፍኑት በ2020 ያረፈውን የዲዲ ኬምፖትን ዘፈኖች ነው፤ ሰውዬው በጃቫኛ የመለያየትን ነገር ሲያዜም ኖሮ በመጨረሻ ዓመታቱ የወጣቶች ጣዖት የሆነ ነው። ስለ ሶሎ ባቡር ጣቢያ የሚዘፈነው ሲጀመር፣ ሒጃብ የለበሱ እመቤቶች ከነልጅ ልጆቻቸው፣ የባንክ ሠራተኞች ከነመታወቂያቸው፣ ሁሉም አብሮ ያንጎራጉራል። ጓዳ ያለችው ሳህን አጣቢ ሳትቀር።

ቡናው ሲመጣ ግን ባለ ወጉ እኔ ነኝ። ሆላንዶች በ1696 ከሕንድ ማላባር ዳርቻ የቡና ችግኝ ወደ ጃቫ አመጡ፤ ጎርፍ ወሰደው። በ1699 እንደገና አመጡ፤ ያዘ። በ1711 የጃቫ ቡና ለመጀመሪያ ጊዜ አምስተርዳም ደረሰ። ማላባር የደረሰው ከየመን ነው፤ የመን የደረሰው ደግሞ ከየት እንደሆነ አንባቢዬ ያውቃልና አላደክመውም። ይህን ታሪክ ለፓክ ስተርክ ደረቴን ነፋ አድርጌ ነበር። በትዕግሥት ሰሙኝ፤ ጃቫዎች ሰውን መሀል ላይ አያቋርጡም። ስጨርስ፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ላይ የቅጠል ዝገት በሽታ የቆላውን አረቢካ እንደፈጀው፣ በምትኩ ሮቡስታ እንደተተከለ፣ እዚህ ቤት የሚፈላውም ሮቡስታ ስለሆነ ዘመዴ እንዳልሆነ በጣም በትሕትና ነገሩኝ። ዱቄቱ ብርጭቆ ውስጥ ነው፤ ስኳሩ አብሮ ነው፤ አተላው እስኪዘቅጥ ትጠብቃለህ። አቦሉ፣ ቶናው፣ በረካው አንድ ላይ ብርጭቆው ውስጥ ናቸው። ዝምድና ባይኖረንም ጠጣሁት።

አሁን ሚስማሩን ላንሳ። ሚስማር የሌለው ቤት ጓዙን ጠቅልሎ መሄድ የሚችል ቤት ነው። አናጢዎች መጥተው እያንዳንዱን እንጨት ምልክት ያደርጉበታል፣ ይነቅሉታል፣ የጭነት መኪና ላይ ይጭኑታል፤ ሌላ ከተማ ወስደው እንደነበረ ያቆሙታል። በዚህ ዓይነት ስንቱ ጆግሎ ባሊ ሄዶ የቱሪስት ማረፊያ ሆኗል፣ ስንቱ ጃካርታ ሄዶ ምግብ ቤት ሆኗል። መሬቱ ሲቀር ቤቱ ይሰደዳል። ሰው ተሰዶ ቤቱ ሲቀር ነበር የማውቀው።

ሽያጩን ያባሰው ግንቦት 2006 ነው፤ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር። በ27ኛው ቀን ማለዳ፣ ሰው ገና ሳይነሳ፣ ዮግያካርታና አካባቢዋ በመሬት መንቀጥቀጥ ተመቱ፤ ከ5,700 በላይ ሰው ሞተ። የጥንቱ የማታራም መንግሥት መናገሻ የነበረችው ኮታገዴ፣ የብር አንጥረኞቹ ሠፈር፣ ክፉኛ ተጎዳች። ያረጁ ምሰሶዎች ወደቁ፣ ጣሪያዎች ተደፉ። ባለቤቶቹ የሚያሳድሱበት ገንዘብ አልነበራቸውም፤ ባለሀብቶች ደግሞ በዚያው ሰሞን ገንዘብ ይዘው መጡ። ጋጃ ማዳ ዩኒቨርሲቲ አንዱን ቤት ከሠፈሩ እንዳይወጣ ብሎ ገዝቶ ጠገነው፤ ዛሬም እዚያው ቆሟል። ሌሎቹ ሄዱ። አሁን አሮጌው ቤት እየተወደደ ሲመጣ፣ አዲሱን እንጨት አሮጌ የሚያስመስሉ አናጢዎች ተነስተዋል፤ ምግብ ቤት የሚከፍት ሰው ባለፈው ወር የተሠራ የመቶ ዓመት ቤት ማዘዝ ይችላል። ፓክ እንዲህ ያለውን ቤት በሽታው ይለያሉ፤ አፍንጫቸውን ምሰሶው ላይ ጣል አድርገው፣ «ይኼ ልጅ ነው» ይላሉ። ይላሉ እንጂ ምሳቸውን ከመብላት አይመለሱም።

አንድ የሚያውቁት ሰው ታሪክም ነግረውኛል። ሰውየው ከመንቀጥቀጡ በኋላ የአያቱን ጆግሎ ሸጠ። በገንዘቡ እዚያው ቦታ ላይ የብሎኬት ቤት ሠራ፤ ነጭ ሴራሚክ ያለው፣ ባለ ትልቅ መስታወት፤ ሚስቱ እስከ ዛሬ ታመሰግነዋለች። ከዓመታት በኋላ ለኢድ በዓል ልጆቹ ከጃካርታ መጥተው፣ «አባባ፣ ዛሬ ምግብ አትሥሩ፤ እኛ እንጋብዛችሁ» ብለው ከከተማ ወጣ ያለ አዲስ ምግብ ቤት ወሰዷቸው። ሰውየው ገብቶ ምንጣፉ ላይ እንደተቀመጠ ቀና አለ። ወደ ሰሜን ምሥራቁ ምሰሶ ሄደ። በልጅነቱ ከወንድሙ ጋር ቁመታቸውን እየለኩ በቢላዋ የጫሩት ምልክት አለ፤ ቫርኒሽ ተቀብቷል። ልጆቹን ጠርቶ አሳያቸው። የእሱ ምልክት ከወንድሙ ዝቅ ያለ ነበረና ልጆቹ ሳቁበት።

ከዚያ ሥራ አስኪያጁን አስጠራው። ወጣት ነው፤ ጎንበስ ብሎ መጣ። ሰውየው ቤቱ የአያቱ እንደነበረ፣ እዚህ እንደተገረዘ፣ እዚያ ጋ አያቱ እንደተገነዙ አስረዳውና በጨዋ ደንብ፣ በከፍተኛው የጃቫኛ አነጋገር፣ ቅናሽ ይኖር እንደሆነ ጠየቀው። ወጣቱ እጅግ ተነካ። ሁለት እጁን አገናኝቶ ደረቱ ላይ አደረገ። ይህን የመሰለ ክቡር እንግዳ ቤቱ ደርሶ እንደማያውቅ ተናገረ፤ ሠራተኞቹን ሰብስቦ ከሰውየው ጋር ምሰሶው ሥር ፎቶ አስነሳ፤ በምግብ ቤቱ ስም ክሩፑክ ከሚባለው ከሚንኮሻኮሸው ስስ ጥብስ አንድ ሳህን በነጻ እንዲመጣለት አዘዘ። ሒሳቡ ሲቀርብ ሙሉ ነበር፤ ከነ10 በመቶ የምግብ ቤት ግብሩ።